ሒስ የወረደበት አንገት

የበደለችኝ እትዬ አስካለ ናት፣ የባሌ ታላቅ እህት። የበደለችኝም መሠረተ ትምህርት በየሰፈሩ በተጀመረበት ዓመት፣ ቡና ሊለቀም ሲቃረብ፣ ጅማ ውስጥ፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ በሴቶች ሁሉ ፊት ነው። «ናት» ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። በሕይወት ሳለች አንቱ ስላት ኖሬያለሁ፤ አሁን አፈር ስለለበሰች አንቱታውን መልሼ ወስጃለሁ። የሚቆጣ ካለ ይቆጣ።

ነገሩ ስለ አንገቴ ነው። በዚያ ዘመን ሌላው ሰው ያየውን መከራ ሲያወራ እኔ ስለ አንገት ማውራቴ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ሳቁ። እኔ ራሴ ለመሳቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ለመደነቅ ግን አንድ ጠዋት በቂ ነበር። የዚያን ጠዋት ድንቅ ነገር እስካሁን አልጨረስኩትም።

ሸቤ ተወልጄ ጅማ ነው የተዳርኩት። ባሌ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሾፌር ነበር። ቤት ከሚውልበት ቀን የማይውልበት ይበዛል፤ በሚውልበትም ቀን ከእርሱ ይልቅ የመኪናው ጡሩምባ ብዙ ይናገራል። ከተጋባን ጥቂት ቆይቶ ሰውነቴ እኔን ሳያማክር የራሱን ሥራ ጀመረ። የወር አበባዬ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ክረምቱን ሙሉ ይጠፋል። አገጬ ላይ ጥቁር ፀጉር ይበቅላል፤ እነቅለዋለሁ፤ ይበቅላል። ወገቤ እየሰፋ ሄደ። ከሁሉም የከፋው አንገቴ ነበር። ከኋላውና ከጎኑ ጠቆረ። ጠይም ሆነ ማለቴ አይደለም፤ የድስት ቂጥ ታክኮት ያለፈ ይመስል ነበር። ሲነኩት ደግሞ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስለስ ወፈር ይላል። ልጅም አልመጣም። ሰው ያየው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው፣ እትዬ አስካለ ግን አንገቴንም አየች።

እትዬ አስካለ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች። ፀሐይም ቢከር ዝናብም ቢወርድ ካኪዋን እስከ ጉሮሮዋ ቆልፋ ነው የምትሄደው፤ እኛም አብዮታዊ ዲሲፕሊን ነው እያልን እናከብራት ነበር። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ሌላ ያልደገመችው ጊዜዋን ለትግሉ ለመስጠት ብላ እንደሆነ ራሷ ነግራናለች። እኔን «ሙሽሪት» ነበር የምትለኝ። የሠርጌ ድንኳን ከተነቀለ ስንት ዘመኑ፤ ለእርሷ ግን ልጅ ያልወለደች ሴት ሙሽርነቷን ገና አልጨረሰችም።

በዚያ ዓመት የቡና ለቀማ እስኪያልቅ ካላረገዝኩ እኔ ወደ ሸቤ እንደምመለስና ለወንድሟ ከአጋሮ ያየችለትን ልጅ እንደምታመጣለት ተናገረች። የተናገረችው ለእኔ አይደለም፤ ለእርሱ ነው፣ እኔ ጓሮ ዕቃ ሳጥብ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ። ባሌ «እስቲ ቡናው ይለቀም» አላት። እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። የቡና ሰው እንዲህ ነው፤ ሞቱንም ቢሆን ከለቀማ በኋላ ነው የሚቀጥረው።

ታዲያ በዚያው ሰሞን የጽዳት ዘመቻ ታወጀ። መንገድ ተጠረገ፣ ቦይ ተከፈተ፣ አጥር ኖራ ተቀባ። የሚጸዳ ነገር ሲያልቅ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እትዬ አስካለ ከጠረጴዛው ኋላ ተነሥታ ጽዳት ከራስ እንደሚጀምር አስረዳችና ዓይኗን እኔ ላይ አሳረፈች።

«ሙሽሪት፣ ተነሺ። ዙሪ። ነጠላሽን አውርጂው።»

አወረድኩት። እዚህ ላይ እምቢ ብል ኖሮ የምትሉ፣ እናንተ በዚያ ዘመን አልነበራችሁም፤ ወይም ነበራችሁና ረስታችኋል።

ከዚያ በአንገቴ ላይ ውይይት ተከፈተ። አንዷ እድፉ እዚህ የመጣ ነው ወይስ ከሸቤ ይዤው የመጣሁት ብላ ጠየቀች። ሌላዋ ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በራሽን እየታደለ በዚህ ሁኔታ መገኘቴ የሰፊውን ሕዝብ ሳሙና እንደ መናቅ ይቆጠራል አለች። ፊደል በቆጠረች በወሯ ንግግር የለመደች አንዲት ወጣት ደግሞ ይህ የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ነው ብላ ተነተነችው። ዘውዱ ወርዶ፣ መሬት ታውጆ፣ የእኔ አንገት ብቻ ከሥርዓቱ ጋር ሳይወድቅ እንደቀረ የተረዳሁት ያን ቀን ነው። በመጨረሻ ግለሒስ እንዳደርግ ታዘዝኩ። ምን ልበል? «ጓዶች፣ አንገቴን በቸልታ ተመልክቻለሁ፤ ለወደፊቱ በንቃት እከታተለዋለሁ» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያኔ ብቻ ነው፤ በሠርጌ ቀን እንኳ ዝናብ ስለነበር ሰው ሁሉ እጁን ደብቆ ነበር።

ግለሒሱ ግን በቃል ብቻ አላበቃም። በማግስቱ በማኅበሩ ግቢ ገንዳ ቀረበ፣ ውኃ ተጣደ፣ እትዬ አስካለ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ኮሌታዋን ግን አልነካችውም። መጀመሪያ በሙቅ ውኃ አራሰችኝ። ቀጥሎ እንዶድ። ከእንዶዱ በኋላ ሎሚ ቀብታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ሎሚው እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት አለች። ከዚያ አመድ፣ ከዚያ ቃጫ፣ በመጨረሻ የተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ። ሌሎቹ ሴቶች ድንጋዩ ይቅደም ሲሏት ተቆጣች፤ ድንጋይ ከቀደመ ሎሚው ያቃጥላል አለች። እጇ አንዴም አላመነታም። ይህን ሙያ የት እንደተማረችው ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ፈገፈገችኝ። ጥቁሩ ሲነሣ ከሥሩ ሌላ ጥቁር ወጣ። ቀጥሎ ደም መጣ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሥራ አለን እያሉ ሄዱ። እትዬ አስካለ ደሙን ስታይ ድንጋዩን አስቀመጠችና ፊቷን አዞረች፤ «ይኸው ነው እንግዲህ» አለች፣ ለማን እንዳለችው እንጃ።

አንገቴ መግል ያዘ። ከአጥር ማዶ አዴ ሐዋ የምትባል አሮጊት ጎረቤት ነበረችኝ፤ የቡና ነጋዴ ሚስት የነበረች፣ አሁን ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር። አማርኛዋ መሐል ላይ ኦሮምኛ ጣል ታደርግበታለች። ቀና ብዬ መሄድ ሲያቅተኝ አይታ ጠራችኝና ነጠላዬን ገለጥ አድርጋ አየች።

«ማሎ ልጄ፣ ይሄ እድፍ አይደለም። እድፍ ቢሆን ደም ከየት ያመጣል?»

ከዚያን ቀን በፊት ይህን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ። እጄን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር፤ መነጽሩ ከፊቱ ይሰፋል። ቁስሉን ጠርጎ አሸገና ከመሸኘት ይልቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እርስዎ የወር አበባዎ በየጊዜው ይመጣል?» አለኝ። መጀመሪያ የገረመኝ ጥያቄው አይደለም፤ እርስዎታው ነው። በዚያ ሰሞን አንቺ ያላለኝ የጅማ ውሻ ብቻ ነበር። ስለ አገጬ ጠየቀ፣ ስለ ወገቤ ጠየቀ፣ አንገቴን ደግሞ እያየ ራሱን ነቀነቀ። ስለ አንገት ቁስል ለመጣሁት ሴት ማንም የማያውቀውን ገበናዬን በተራ በተራ ይዘረዝርልኝ ጀመር፤ ማን ነገረው ብዬ አዴ ሐዋን በቁጣ አየኋት። አዴ ሐዋም እኔን አየችኝ፤ እርሷም አታውቅም ነበርና።

በማግስቱ ጠዋት ምንም ሳልበላ ሳልጠጣ እንድመጣ፣ ደም እንደሚወስዱልኝ ነገረን።

ስሕተቱ የተሠራው እዚህ ጋ ነው፤ የጅማ ሰው ካልሆነ በቀር ይህን ስሕተት የሚሠራ የለም። ጠዋት ስወጣ አዴ ሐዋ በራፏ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ በእጇ የሸክላ ሳሕን። ቡና ቀላ ሠርታልኛለች። ለማያውቅ ልንገር፦ ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰ ቡና ነው፤ ቅቤው ውስጥ ይዋኛል። ደም የሚቀዳ ሰው ባዶ ሆዱን እንዴት ይሄዳል ብላ ነው። እኔም አሰብኩ። ቡና ቀላ አይበላም፤ ምግብ የሚባል እንጀራ ነው። አይጠጣምም፤ ፈሳሹ ቅቤ ነው። ቡና ቀላ ቡና ቀላ ነው። አሮጊት የሰጠችውን መመለስም ነውር ስለሆነ ቅቤውን ጭምር ልሼ ሳሕኑን ጠራርጌ መለስኩላት።

ሐኪም ቤት ስደርስ ሐኪሙ በልተዋል ወይ አለኝ፤ አልበላሁም አልኩ። ጠጥተዋል ወይ አለኝ፤ አልጠጣሁም አልኩ። አንዱም ውሸት አልመሰለኝም።

የላቦራቶሪው ሰው ደሜን ቀድቶ በመስታወት ብልቃጥ አደረገና የሚሽከረከር መኪና ውስጥ ከተተው። መኪናው ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ሰውየው ብልቃጡን አወጣ፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው፤ ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። ብልቃጡ ውስጥ ወተት ጨምሬ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሲቀልድ አልነበረም። ሐኪሙን ጠራ። ሐኪሙ መጣ። ሌላ ነጭ ጋዋን የለበሰም መጣ። ከሥር ቀዩ ደም ረግቶ ተቀምጧል። ከላይ ውኃ መሳይ ጠርቶ መቀመጥ የነበረበት፣ ነጭ ነው። ወተት ነው። ሸቤ ላም ሥር ያደግኩ ሴት ነኝ፤ ወተት ሳይ አውቃለሁ።

ከዚያማ ሁሉም ነገር ወጣ። ሐኪሙ እንደገና፣ ቀስ ብሎ፣ ምንም ነገር አፌ አልገባም ወይ አለኝ። «ምንም፤ ቡና ቀላ ብቻ» አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

አልተቆጣም። ብልቃጡን ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲያሳድሩት አዘዘና እኔን በማግስቱ በእውነት ባዶ ሆዴን እንድመጣ ነገረኝ። በማግስቱ አዴ ሐዋን ላለማግኘት በጓሮ አጥር ሾልኬ ሄድኩ። እንደገና ተቀዳሁ፤ ያኛውም ብልቃጥ እንዲያድር ተደረገ። ሁለቱን አንድ ላይ ያየሁት በሦስተኛው ጠዋት ነው።

ያን ጠዋት እንዴት ልንገራችሁ? ሐኪሙ ብልቃጦቹን መስኮት ላይ ጎን ለጎን አቆማቸው። ቡና ቀላ የበላሁበት ቀን ደም ከአናቱ ላይ ወፍራም ነጭ ስልባቦት ተኝቶበታል፤ በእሳት ዳር ያደረ የወተት ማሰሮ ላይ የሚጋገረው ዓይነት። ስንት ዘመን ወተት ንጫለሁ፤ እኔ ስንጥ፣ በውስጤ ደግሞ ሌላ ሴት ቁጭ ብላ የራሷን ስትንጥ ኖራለች። የሁለተኛው ቀን፣ የባዶ ሆዴ፣ ስልባቦት የለውም። ግን አልጠራም። ከላይ እስከ ታች ዳምኗል፤ የጎጀብ ሸለቆ በክረምት ጠዋት እንደሚሆነው። ሐኪሙ የመጀመሪያው የአዴ ሐዋ ቅቤ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ግን የማንም ሳይሆን የእኔው፣ ጉበቴ ራሱ የሠራው ስብ እንደሆነ ነገረኝ። ሳልበላም እሠራለሁ ማለት ነው። ለራሴ እንደ ተአምር ሆንኩ።

ከዚያ አስረዳኝ። ስኳርን ከደም ወደ ሥጋ የሚያስገባ ኢንሱሊን የሚባል ነገር አለ፤ የሚሠራው ቆሽት ነው። ስንናደድ ቆሽቴ አረረ የምንለው ቆሽት ለካ ሌላም ሥራ ነበረው። የእኔ ሥጋ፣ ኢንሱሊን በሩን ሲያንኳኳ ቶሎ አይከፍትም። ቆሽቴ ተስፋ አይቆርጥም፤ ሌላ ይልካል፣ ሌላ ይልካል፣ በሩ ላይ ወረፋ ይሆናል። የተረፈው ስኳር ጉበት ዘንድ ሄዶ ስብ ይሆንና ደም ውስጥ ይፈስሳል። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ የማይመለከተው ቦታ ይገባል። አንገት ላይ ሄዶ ቆዳውን ያጠቁራል፣ ያወፍራል። እንቁላል የሚያበስሉት ዕጢዎች ዘንድ ሄዶም ያምሳቸዋል፤ የወንድ የሚባለውን ቅመም ያስጨምራቸዋል፤ ፀጉሩም ከዚያ ነው።

«እንቁላልዎ የለም ማለት አይደለም» አለኝ። «ብዙ ነው። ሁሉም ይጀምራል፤ አንዱም አይጨርስም።»

ገባኝ። የቡና ቅርንጫፍ አየሁ፤ ፍሬው ከግንድ እስከ ጫፍ የተደረደረ፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ለቃሚ መጥቶ ቆሞ አንድም ቀይ የሌለው። መካን ነሽ ስባል ስንት ዓመት ባዶ ጎተራ ሆኜ ለራሴ ታይቼ ነበር። ለካ ሞልቼ ነው። በር የማይከፍት ሥጋ፣ የማይታክት ቆሽት፣ ሲታዘዝ ሳይታዘዝ የሚንጥ ጉበት፤ ይህ ሁሉ ሠራተኛ በእኔ ውስጥ ሲራኮት እኔ ውጭ ቆሜ አንገቴን በድንጋይ እያስፈገፈግኩ ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የምተክዝበት ነገር እንደሆነ እንኳ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

መድኃኒቱን ስጠይቀው ለጊዜው የሚሰጠኝ ኪኒን እንደሌለው፣ ቅቤና ስኳር እንድቀንስ፣ በየቀኑ ረዥም መንገድ በእግሬ እንድሄድ መከረኝ፤ ክብደት ሲቀንስ በሩ እየተከፈተ ይሄዳል አለ። ለቀበሌ የሚሆን ወረቀት ልጻፍልዎ ሲለኝ እምቢ አልኩ። ወረቀቱን የምታነበው እትዬ አስካለ ናት፤ የምታነበውም ለራሷ ነው። ብልቃጦቹን ስጠኝ አልኩት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ በተጠራው ስብሰባ ግለሒሴ ስለሚጠናቀቅ ማስረጃ ያስፈልገኝ ነበር። ከላቦራቶሪው ሰው ጋር ተያዩ። በመጨረሻ አፋቸውን በፕላስተር አሽገው፣ በጥጥ ጠቅልለው፣ በመሶብ ወርቅ እንደሚሰጥ ነገር ሰጡኝ።

ጋሪ አልተሳፈርኩም። የጅማን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጋሪው ሲንጠኝ ደሜ ቅቤ ቢወጣውስ ብዬ ፈራሁ። ብልቃጦቹን በደረቴ አቅፌ፣ ዕንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ እየተራመድኩ አዳራሹ ደረስኩ።

እትዬ አስካለ ስሜን ስትጠራ ወደ ፊት ወጣሁና ጥጡን ፈትቼ ሁለቱን ብልቃጦች ቀይ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸው። «ጓዶች፣ ይህ ደሜ ነው» አልኩ። ሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ቆመ። ከፊት የተቀመጠችው ስልባቦት ያለበትን አነሣችው፣ ለጎረቤቷ ሰጠቻት፣ ጎረቤቷ ለሚቀጥለው። እኔ እናገራለሁ፤ በሩን፣ ቆሽቱን፣ ጉበቱን፣ የማይቀላውን ቡና። አንዲቱ ብልቃጡን አንጋድዳ ስልባቦቱ ሲንሸራተት አይታ በእጇ አፏን ያዘች። አዴ ሐዋ ዘንድ ሲደርስ በሁለት እጇ ተቀብላ ለረዥም ጊዜ አየችው። «ሱብሐነላህ» አለች፤ የቅቤውን ነገር ግን አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁባት።

ያልጠበቅኩት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከኋላ መደዳ አንዲት ጠላ ሻጭ፣ ድምጿን ሰምተን የማናውቃት፣ ነጠላዋን ከአንገቷ አወረደች። አንገቷ የእኔ አንገት ነው። ቀጥሎ ከመስኮቱ ሥር ሌላዋ አወረደች። ቀጥሎ ያቺ የአሮጌ ሥርዓት ቅሪት ብላ የተነተነችኝ ወጣት አገጯን በጣቷ ዳበስ ዳበስ አድርጋ መሬት አየች። አዳራሹ ውስጥ ነጠላ ሲወርድ የሚሰማ ድምፅ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ያን ቀን ሰማሁት። እንዲህ ያለውን ነገር በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም አላየሁም።

ብልቃጡ በመጨረሻ እትዬ አስካለ እጅ ገባ። እንደ ሌሎቹ አላሳለፈችውም። ይዛው ቆየች።

«ታዲያ ይሄ ሲታጠብ አይለቅም?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«አይለቅም፣ እትዬ።»

ስብሰባው ተጠናቋል አለችና ወጣች። ሒሱን ያነሣልኝ የለም። እስከ ዛሬም እንደወረደብኝ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ወደ ቦሳ ኪቶ በኩል በእግሬ እሄድ ጀመር። ባሌ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ነገሩን ከሰፈር ሰምቶ ደረሰ፤ ማታ ወጥ ሳወጣለት አየኝና «ቅቤው ይቅር እንግዲህ» አለ። ስለ አጋሮዋ ልጅ አልጠየቅኩትም፤ እርሱም አልነገረኝም። ቡናው ግን ይለቀም ነበር። ቅርንጫፉ እየተራገፈ በመጣ ቁጥር እኔ ልብሴን አንድ በአንድ እያጠፍኩ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጥ ነበር፤ ሲያባርሩኝ ስለቅም እንዳልገኝ።

ለቀማው ባለቀ እሁድ እትዬ አስካለ መጣች። በዋናው በር ሳይሆን በጓሮ። ባሌ የለም። ሻንጣዬ አልጋው ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል፤ አየችው። ልታባርረኝ መጣች ብዬ ነጠላዬን ለበስኩ።

በሩን ዘጋችው። ተቀመጡ ብላት አልተቀመጠችም። ከዚያ እጇን ወደ ጉሮሮዋ አነሣችና የካኪዋን ቁልፍ ፈታች፤ አንዱን፣ ሁለተኛውን። ኮሌታዋን ወደ ኋላ ሳበችው።

ከእኔ ይብስ ነበር። ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ከሰል። በጥቁሩ ላይ ደግሞ የቆየ ጠባሳ፣ ጠባሳው ላይ ሌላ ጠባሳ፤ ድንጋዩን፣ ቃጫውን፣ ሎሚውን አንድ በአንድ ለየሁት። እንዶዱ ከሎሚው እንዲቀድም የተማረችው እዚያ ላይ ነው።

ይቅርታ አላለችኝም። ይህን ልብ በሉልኝ። «የአጋሮዋ ልጅ ቀርታለች» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ሐኪሙ ሰው ባለበት ነው የሚያየው?» አለች።

ብዙ የምመልስላት ነገር ነበረኝ። ስንት ጊዜ ተለማምጄው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በካኪ ውስጥ የተቆለፈው አንገት ፊቴ ሆኖ ግን «ማክሰኞ እወስድዎታለሁ» አልኳት።

ልጅ መጣ ወይ ለምትሉኝ፣ መጣች፣ ዘግይታ። እርሷን እዚህ ውስጥ አላስገባትም።

ማክሰኞ እትዬ አስካለን ሆስፒታል ወሰድኳት። ወረፋ ያዝኩላት። ምንም እንዳልበላች፣ ቡና ቀላም እንዳልቀመሰች አረጋግጬ አስገባኋት። ደጅ ቆሜ አልጠበቅኳትም። ቤቴ ተመልሼ ሻንጣውን ፈታሁ፣ መቀስ አወጣሁ፣ አንገቴን የሚሸፍነውን የቀሚሶቼን ኮሌታ ሁሉ ቆርጬ ጣልኩ።